ዳይሬክተሯ «ለሁሉም በጣም ጥሩ ጻፊ» ብትልሽስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ የሆነ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የ4 ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። ሪፖርት ስንሞላ ዳይሬክተሯ ለሁሉም "በጣም ጥሩ" ጻፉ አለችን። ወላጅ ቅር እንዲለው አትፈልግም። ክፍሌ ውስጥ ግን በደንብ የሚሰማ የማይመስለኝ ልጅ አለ። ስነግራት "አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ? ለወላጆቹ ብትናገሪ ልጁን ያስወጡታል" አለችኝ። ምን ላድርግ? ስለ ሙያ ሥነ ምግባርስ በነፃ የምማርበት ነገር አለ?»

እሺ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ጥያቄሽ ውስጥ የልጁን ስም ጽፈሻል። እኔ አላነሳውም፤ አንቺም ከዚህ በኋላ ምክር ስትጠይቂ ስሙን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የወላጆቹን ሥራ አትጻፊ። ልጁ 4 ዓመቱ ነው። ስለ ጆሮው በአደባባይ እንዲወራ እሺ ወይ እምቢ ማለት አይችልም። ምክሩን ለማግኘት ስሙ አያስፈልግም፤ አሁንም አላስፈለገም።

ወደ ጉዳዩ ስንመጣ፣ ሁለት ጥያቄ የጠየቅሽ ይመስላል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ሰው የሙያ ሥነ ምግባር ሲባል የጠባይ ጉዳይ ይመስለዋል። ደግ ከሆንሽ፣ ልጅ ከወደድሽ፣ አለቀ። ኧረ አላለቀም! ልጅ የሚወድ፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ መምህር ጭንቅ ውስጥ ሲገባ ዝም ሲል ብዙ አይቻለሁ። ዝም የሚለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ያየውን በምን ቃል እንደሚናገር ስለማያውቅ፣ ያየው ነገር እውነት መሆኑንም ራሱ ስለሚጠራጠር ነው። ይህ ደግሞ የሚሠለጠኑበት ነገር ነው። ስለዚህ «ምን ላድርግ» እና «የት ልማር» የሚሉት ጥያቄዎችሽ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከመሠረቱ እንጀምር። በዚህ ሙያ በብዛት የሚጠቀሰው መመሪያ ኤንኤኢዋይሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ነው። መጀመሪያ የጸደቀው በ1989 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። አራት ክፍል አለው፤ ለልጆች፣ ለቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረቦችና ለማኅበረሰብ ያለብንን ኃላፊነት ይዘረዝራል። አሜሪካ ውስጥ ባትሠሪም ማንበብሽ አይጎዳም፤ ረጅም አይደለም፣ በነፃም ይገኛል። ከመርሆቹ ሁሉ የመጀመሪያው «ከሁሉም በላይ ልጆችን አንጎዳም» የሚል ነው። ይህ መርህ ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚቀድም ደንቡ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። እንግዲህ ዳይሬክተሯን መታዘዝ ደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ አለው። ግን ከዚህ በታች ነው።

ለአንቺ ግን ከመርሁ ይልቅ የሚጠቅምሽ ደንቡ የሚያደርገው አንድ ልዩነት ነው። የሥነ ምግባር ግዴታ አለ፣ የሥነ ምግባር አጣብቂኝ ደግሞ አለ። ግዴታ ማለት ምርጫ የሌለው ነገር ነው፤ ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፣ ግን ትክክሉ የቱ እንደሆነ አያጠያይቅም። አጣብቂኝ ደግሞ ሁለት ትክክል ነገሮች ሲጋጩ ነው፤ አንዱን ስትይዢ ሌላው ይጎድላል።

የአንቺን ጉዳይ በዚህ ብንመዝነው ሁለቱም አሉበት። ያላየሽውን «በጣም ጥሩ» ብለሽ መፈረም አጣብቂኝ አይደለም። ውሸት ነው፣ በቃ። ጫና ስላለበት አጣብቂኝ መሰለሽ እንጂ ሁለተኛ ትክክል መልስ የለውም። እውነተኛው አጣብቂኝ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ለወላጆቹ መቼ፣ በማን በኩል፣ በምን ቃል ይነገራቸው የሚለው ላይ። እዚያ ላይ የቤተሰቡ መብት፣ የልጁ ጥቅም፣ ለመሥሪያ ቤትሽ ያለብሽ ታማኝነት፣ የአንቺ የዕውቀት ወሰን ሁሉም ይገባሉ። ሁለቱን ካልለየሽ ጉልበትሽ ሁሉ የሚያልቀው «ልዋሽ ወይስ አልዋሽ» በሚለው ላይ ይሆንና ማሰብ የሚያስፈልገው ነገር ሳይታሰብ ይቀራል።

ዳይሬክተሯንም ቶሎ ክፉ አታድርጊያት። ፍርሃቷ እውነት ነው። ልጅ ሲወጣ ገቢ ይቀንሳል፣ ገቢ ሲቀንስ ደመወዝ ይዘገያል፣ ያ ደግሞ አንቺንም ይነካል። «አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ» ያለችውም ግማሹ ልክ ነው። ሐኪም አይደለሽም። «ልጁ አይሰማም» የማለት ሥልጣን የለሽም፣ ሪፖርት ላይም በአፍም። «ይህንን ይህንን አይቻለሁ» የማለት ሥልጣን ግን አለሽ። ከሥልጣን አልፎ ሥራሽ ነው።

ያየሽውን ጽፈሻል? ጥያቄሽ ውስጥ «የሚሰማ አይመስለኝም» ነው ያልሽው። ይህ ግምት ነው። ግምት ይዘሽ ከሄድሽ ዳይሬክተሯ በአንድ አረፍተ ነገር ትመልስሻለች፣ እንደመለሰችሽ። አሁን ሁለት ማስታወሻ ላሳይሽ። አንዱ፦ «ልጁ ትኩረት የለውም፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ እልኸኛ ነው።» ሌላው፦ «ማክሰኞ፣ የነፃ ጨዋታ ሰዓት። ምንጣፉ ላይ ብሎክ ይደረድራል። ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ በተለመደው ድምፄ ስሙን ጠራሁት፣ አልዞረም። ደገምኩት፣ አልዞረም። ዞሬ ከፊቱ ቁጭ ብዬ ስሙን ስጠራው ቀና ብሎ ፈገግ አለና ብሎክ ሰጠኝ። "ዕቃ እንሰብስብ" ሲባል አልተነሳም፤ አጠገቡ ያሉት ሲነሱ አይቷቸው ተነሳ።»

የመጀመሪያው ማስታወሻ በልጁ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው። ሁለተኛው ውስጥ አንዲት ፍርድ የለችም፣ ግን ማንም ያነበበው ሰው ያሰጋዋል። ፊት ለፊት ሲሆን የሚመልስ፣ ከኋላ ሲሆን የማይዞር፣ ትእዛዝን በጆሮው ሳይሆን ጓደኞቹን አይቶ የሚከተል ልጅ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሁኔታ ያዢ፤ ክፍሉ ጸጥ ሲልም ሲንጫጫም። ሲሰማ ያየሽበትንም ጻፊ። ሲሰማ ያየሽውን የምትደብቂ ከሆነ ማስታወሻሽ ክስ ሆነ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ «አንዳንድ ቀን እኮ በደንብ ይሰማል፣ ሲፈልግ ነው የሚሰማው» የሚል ባልደረባ መምጣቱ አይቀርም። ይህ አባባል ብዙ ልጅ በድሏል። በትንንሽ ልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት የመስማት ችግሮች አንዱ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ ጉንፋንን ወይም የጆሮ ኢንፌክሽንን ተከትሎ ይከሰታል፣ ሕመም ላይኖረው ይችላል፣ መስማቱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ ይሰማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይደበዝዝበታል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ አልጠፋ ካለ ግን ልጁ ቋንቋ በሚያጠራቅምበት ወሳኝ ጊዜ ግማሹን ብቻ እየሰማ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው መከላከል ይቻል በነበረ ምክንያት የመጣ ነው ይላል። ክፍል ውስጥ ይህ ልጅ ምን ይባላል? እልኸኛ። ጥግ የሚቀመጠው፣ የሚቆጡት፣ «ስንቴ ልንገርህ» የሚባለው እሱ ነው። «አንጎዳም» የሚለው መርህ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ መምታት ብቻ አይደለም ጉዳት።

አሁን ወደ ዳይሬክተሯ ተመለሺ። ቢሮዋ ገብተሽ በሩን ዘግተሽ፣ ሌላ መምህር በሌለበት። ስለ ሪፖርቱ አትጀምሪ፤ ስለ ልጁ ጀምሪ። ማስታወሻዎቹን አሳያት። ከዚያ የምትፈራውን ነገር ራስሽ አንሺላት፦ «ወላጆቹ ልጁን ያስወጡታል ብለሽ እንደምትሰጊ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ የምሰጋው የዛሬ ዓመት ሐኪም ነግሯቸው፣ "መምህሯ ዓመት ሙሉ አብራው ውላ እንዴት አላየችም" ብለው ሲመጡ ነው። ያኔ እጃችን ላይ "በጣም ጥሩ" የሚል ወረቀት ይገኛል።» ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ለተቋሙም የሚያስብ ሰው የሚናገረው ነገር ነው። ደንቡም ቢሆን በአሠራር ካልተስማማሽ መጀመሪያ በውስጥ፣ ገንቢ በሆነ መንገድ ሞክሪ ነው የሚልሽ። ወላጅ ጋ ዘሎ መሄድ፣ ወይም የመምህራን ግሩፕ ላይ መለጠፍ፣ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም።

ስለ ሪፖርቱም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «አልጽፍም» ብቻ ካልሽ እልህ ውስጥ ትገባለች። አማራጭ ይዘሽ ሂጂ። እኔ በበኩሌ ለ4 ዓመት ልጅ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» የሚባል ነገር ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ወላጅ ያየዋል፣ ፈገግ ይላል፣ ይረሳዋል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት አራት አረፍተ ነገር ጻፉ፤ ምን ይወዳል፣ ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ቻለ፣ አሁን ምን እየሞከረ ነው። ይህ ወላጅን አያስቀይምም፤ ልጁን በቅርበት እንደምታውቁት ያሳያል። እውነቴን ነው፣ ወላጅ ቅር የሚለው ስለ ልጁ እውነት ሲነገረው ሳይሆን ልጁ በደንብ ያልታየ ሲመስለው ነው። ሥራው ግን ይበዛል፣ እሱን አልደብቅሽም። 30 ልጅ ካለሽ ምሽትሽ ያልቃል። ለዚህ ነው ማስታወሻውን ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መያዝ ያለብሽ።

የጆሮው ጉዳይ ግን መጀመሪያ በወረቀት መምጣት የለበትም። ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ከሪፖርት ካርድ ላይ አንብቦ ማወቅ የለበትም። በአካል ይነገራል፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ልጁ በሌለበት። በር ላይ ሌላ ወላጅ እየሰማ አይሆንም። ዳይሬክተሯም አብራሽ ብትቀመጥ ጥሩ ነው።

ስትናገሪ ከምታውቂው ጀምሪ። «ብሎክ ላይ ማንም አያህለውም፣ ጓደኞቹም ይወዱታል። አንድ ነገር ደግሞ አስተውያለሁ። ከኋላው ስጠራው ብዙ ጊዜ አይዞርም፣ ፊት ለፊት ስሆን ግን ወዲያው ይመልሳል። እቤትስ እንዴት ነው?» ከዚያ ዝም በይ። እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይሳሳታል፤ ዝምታው ስለሚከብደው ማስረዳት ይጀምራል፣ ሲያስረዳ የማያውቀውን ያወራል። አንቺ ዝም በይ። እናት ምናልባት «ቴሌቪዥኑን ድምፁን እያስጮኸ አስቸግሮናል» ትላለች። ወይም «ልጄ ምንም የለበትም!» ብላ ትቆጣለች። ሁለቱም ያጋጥማል። ብትቆጣ አትከራከሪ። «ምንም የለበትም ሊሆን ይችላል፤ መስማቱ ቢታይ ግን ሁላችንም እናርፋለን» በቂ ነው። «ኦቲዝም ሊሆን ይችላል»፣ «ዘገምተኛ ነው»፣ «የአክስቴም ልጅ እንዲህ ነበር» የሚሉት ከአፍሽ እንዳይወጡ።

ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ከሆነ አንድ ነገር ጨምሪ። «ቋንቋ ስለበዛበት ነው፣ አንዱን ተዉት» ብሎ መምከር የተለመደ ነው፣ ስህተት ነው። ሁለት ቋንቋ መናገር የቋንቋ መዘግየት አያመጣም። ቃላቱ የሚቆጠሩት ከሁለቱም ቋንቋ ተደምረው ነው። ቤተሰብን የእናት ቋንቋውን ማስጣል ቀላል ነገር አይደለም፤ እሱም ራሱ ጉዳት ነው።

ዳይሬክተሯ አሁንም እምቢ ብትልስ? ማስታወሻሽን በቀን በቀኑ አስቀምጪ፣ እንደነገርሻትም በጽሑፍ አስታውሻት፤ አጭር፣ ጨዋ ደብዳቤ ይበቃል። ከእሷ በላይ ኃላፊ ካለ በእሷ በኩል ወደዚያ ሂጂ። ወላጅ መጥቶ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ከጠየቀሽ ግን አትዋሺ፣ ያየሽውን ንገሪ። እኔ እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። በስምሽ የሚወጣ ሪፖርት ላይ ያላየሽውን አትፈርሚ። ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል? ይችላል፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ለዚህ ነው ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አድርጊ የምልሽ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ጥርጣሬሽ ልጁ እየተመታ ነው ወይም ጥቃት እየደረሰበት ነው የሚል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ አይሠራም ነበር። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ልጅ ከማንኛውም ዓይነት ጥቃት የመጠበቅ መብት አለው ይላል፣ ብዙ አገሮችም መምህር ጥርጣሬውን እንዲያሳውቅ በሕግ ያስገድዳሉ። የአገርሽ ሕግ ምን እንደሚልና ለማን እንደሚነገር ነገሩ ሳይገጥምሽ አሁን አጣሪ። ሲገጥምሽ ለማንበብ ጊዜ አይኖርሽም።

እሺ፣ መማሪያው። በነፃ ብለሻል፣ በነፃ የሆኑትን ብቻ ነው የምነግርሽ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ከባድ እንግሊዝኛ አይደለም።

የሥነ ምግባር ደንቡን አንስቼልሻለሁ። ከእሱ ጎን የአውስትራሊያውን አንብቢ፤ ኧርሊ ቻይልድሁድ አውስትራሊያ የሚባለው ድርጅት ያወጣው ነው፣ በ2016 ተሻሽሏል። አጭር ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቢ የትኛው ነገር የትም ቦታ እንደማይቀየር ይታይሻል።

ለአሁኑ ጉዳይሽ ቶሎ የሚደርስልሽ ግን ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ያዘጋጀው የዕድገት ምልክቶች ዝርዝር ነው። ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ልጅ በየዕድሜው ምን እንደሚጠበቅበት ይዘረዝራል። በ2022 ሲሻሻል ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ልጆች በዚያ ዕድሜ የሚያደርጓቸው ነገሮች ናቸው። ይህ ማለት አንዷ ስለጎደለች መደናገጥ አይደለም፤ ግን «ቆይ ይደርሳል» ብሎ ዝም ማለትም አይደለም። ዝርዝሩ ምርመራ አይደለም። ለወላጅ ስትነግሪ አጠገብሽ ቢኖር ግን ንግግሩ ከ«መሰለኝ» ይወጣል።

የልጅን ነገር መጻፍ ለመልመድ የኒውዚላንዱን ሥርዓተ ትምህርት ፈልጊ፣ ቴ ፋሪኪ ይባላል። በ1996 ወጥቶ በ2017 ተሻሽሏል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ከእሱ ጋር የተያያዘ የመማር ታሪክ የሚባል አጻጻፍ አለ፤ መምህሯ ልጁ ሲሠራ ያየችውን እንደ አጭር ታሪክ ትጽፋለች፣ ከጉድለቱ ሳይሆን ከቻለው ነገር ትነሳለች። ለዳይሬክተሯ ይዘሽ ሂጂ ላልኩሽ አማራጭ ሪፖርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የሃርቫርድ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል አጫጭር ቪዲዮዎች አሉት፤ ልጅ ሲያይሽ፣ ሲጠቁም፣ ድምፅ ሲያወጣ አንቺ እንዴት እንደምትመልሺ፣ ያ መልስ አእምሮውን እንዴት እንደሚገነባ ያሳያሉ። ከጓደኞችሽ ጋር እዪአቸው። ኮርስ ካማረሽ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕን ለርን የሚባል ነፃ መድረክ አለው፣ ስለ ሕፃናት ትምህርት ብዙ ነገር ይገኝበታል። ለክፍልሽ የሥዕል ተረት ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ አለልሽ፤ አማርኛም ይገኛል፣ ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ማተምና ማባዛት ትችያለሽ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰው መጽሐፍ ፎቶ እያነሳን ግሩፕ ላይ መወርወር ልማድ አድርገነዋል። የደራሲው ጉልበት ነው፣ ይህም የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚዘንበውን የዎርክሺት፣ ማለትም ታትሞ ለልጅ የሚሰጥ የመለማመጃ ወረቀት፣ ዓይነት ግን ተጠንቀቂ። ሲያዩት ያምራል፣ ልጁን ቁጭ አድርጎ ያውለዋል፣ አንቺንም ያሳርፋል። መማሪያ አያደርገውም። የ4 ዓመት ልጅ የሚማረው በጨዋታና በወሬ ነው።

ደንብ ብቻሽን አንብበሽ አይገባሽም። ሁለት ሦስት የምትግባቢያቸው መምህራን ያዢ። በየሳምንቱ አንድ የገጠማችሁን ነገር አምጡ፣ ስም ሳትጠሩ፦ ግዴታ ነው ወይስ አጣብቂኝ? ማን ይነካል? ደንቡ ምን ይላል? ምን ብለን እንናገራለን? የመጨረሻው ላይ ቆዩ። ቃሉን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት፤ አንዷ እናት ትሁን፣ ትቆጣ። መጀመሪያ ትስቃላችሁ። ምንም አይደል፣ ቀጥሉ።

ሪፖርቱ መቼ እንደሚወጣ አልጻፍሽም። ቅርብ ከሆነ ሪፖርቱን ትተሽ ከማስታወሻው ጀምሪ፣ ከነገ። ልጁን ደግሞ እስኪመረመር አትጠብቂ፤ በተረት ሰዓት ከፊትሽ አስቀምጪው፣ ስታናግሪው ፊትሽን ይይ፣ ትከሻውን ነካ አድርገሽ ስሙን ጥሪው። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።